ንጋት 11 ሰዓት ላይ የሚከፈተው መስመር

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አካባቢ ካደጋችሁ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ስትጸልይ ሳትሰሙ አትቀሩም። (11 ሰዓት ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የእናንተ ስልክ 5 ሰዓት ይላል።) ቁጥሩ ይደወላል፣ ኮዱ ይገባል፣ ከዚያ በየቤቱና በየመኪናው ያለ ሰው አብሮ ይጸልያል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ድምፁን መዝጋት ይረሳና የልጁ ለቅሶ ለሁሉም ይሰማል። መሪው «ወገኖች፣ እባካችሁ ሚዩት አድርጉ» ይላል።

ስለዚህ መስመር ለመጻፍ ያሰብኩት ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። የታመመ ሰው ስም እዚያ ላይ ሲጠራ ምን ይሆናል? የቤተ ክርስቲያናችንን ፓስተር ስለዚህም ስለ ሌላውም ሥራቸው ጠይቄያቸው ነበር። ያገኘሁትን ከተማርኩት ጋር አድርጌ አቀርባለሁ።

ጓደኞቼ «በዚህ ዘመን ለምን በስልክ? ዙምና ዩቲዩብ የለም እንዴ?» ይላሉ። አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2020 የሜሪላንድም የቨርጂኒያም አገረ ገዢዎች በአንድ ቀን «ከቤት አትውጡ» ብለው ሲያዝዙ፣ የአካባቢያችን አብያተ ክርስቲያናት የእሑዱን አምልኮ ወደ ስክሪን አዛወሩ። ላይቭ ማስተላለፉም ከዚያ ወዲህ ለምደነዋል። የስልኩ መስመር ግን ከኮቪድ በፊትም ነበረ፤ ምክንያቱም የወላጆቻችን የሥራ ሰዓት ነው። ሆም ሄልዝ የምትሠራ እናት ከናይት ሺፍት እየነዳች ስትመለስ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ ወንድም መኪና ሲያቆም፣ ስክሪን ማየት አይችሉም፤ መስማት ግን ይችላሉ። ፓስወርድ የለውም፤ እንግሊዝኛ የማታነብ አያትም ልጇን ሳታስቸግር ትገባለች።

በድምፅ ብቻ መሰባሰብ ለእነሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ይሰራጭ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ትልልቆቹ ያስታውሱታል፤ በ1977 ደርግ ወረሰው። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ፣ መዝሙሩን ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጡ ቆዩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት ታስሯል። ፓስተራችንም በዚያ ዘመን በቤት ለቤት ኅብረት ያደጉ ሰው ናቸው። ስም መጥራት ያስፈራ ስለነበር «አንድ ወንድም»፣ «አንዲት እኅት» እየተባለ ይጸለይ እንደነበር ነግረውኛል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የፓስተር ሥራ የሚጀምረው መስመሩ ሲዘጋ ነው። ስልካቸው ወዲያው ይጮኻል። አንዱ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቶበታል፣ አንዷ ከባሏ ተጣልታለች፣ የሌላው አባት አገር ቤት አርፈው መርዶውን ለእኅቱ የሚነግርለት ሰው ይፈልጋል። ፌስቡክ ሳይቀድማቸው መርዶ ለማድረስ በሌሊት መሮጥ አሁን አንዱ አገልግሎታቸው ሆኗል። ቤታቸው አሌክሳንድሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ከቀኑ ብዙውን በ495 ላይ፣ በዊልሰን ድልድይ ትራፊክ ውስጥ ያሳልፉታል። የስብከታቸው ግማሽ የሚዘጋጀው እዚያው መኪና ውስጥ ነው፤ የስልኩ አፕ መጽሐፍ ቅዱሱን በአማርኛ ያነብላቸዋል። ስለ መስመሩ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ አዳራሽ ውስጥ ባዶ ወንበር ይታየኛል፤ እዚህ ግን የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው» አሉኝ። ስለዚህ በየሳምንቱ ድምፃቸው የጠፋባቸውን ሰዎች እየደወሉ ይፈልጋሉ።

ኦንላይን የሚሰማውን ስብከት አይቃወሙም። ምእመኑ እሑድ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሦስት አራት ሰባኪ ሰምቶ መሆኑን ያውቃሉ፤ «ማዕዱ መብዛቱ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። የሚያስቆጣቸው «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒትህን ጣል» የሚለው ቪዲዮ ነው። እኔንም ያስቆጣኛል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የደም ግፊት ደግሞ ክኒኑ በቆመ ማግስት ምንም ላይሰማ ይችላል፤ «ድኛለሁ» የሚያሰኘውም ያ ነው፤ ስትሮኩ በኋላ ይመጣል። ፓስተር ታማሚ ቤት ሲሄዱ አስቀድመው «የዛሬውን መድኃኒት ወስደዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ካልወሰዱ ውኃ ያስመጣሉ። ጸሎቱ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ። የማውቃት አንዲት እናት የጡት ካንሰር እንዳለባት በተነገራት ሳምንት፣ ወዳጇ በቅንነት በመስመሩ ላይ በስሟ ከነበሽታዋ አስጸለየችላት። ማታውኑ እኅቷ ከአዲስ አበባ እያለቀሰች ደወለች። እናትየዋ ገና ለልጆቿ እንኳ አልነገረችም ነበር። ከዚያ በኋላ መስመሩ ላይ አልገባችም፤ በጣም በሚያስፈልጋት ጊዜ።

ብዙ ሰው «ሂፓ የሚባል ሕግ አለ አይደል?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ይህ ሕግ የሚይዘው ሆስፒታልን፣ ክሊኒክን፣ ፋርማሲን፣ ኢንሹራንስንና ለእነሱ የሚሠሩትን ነው። ፓስተርን፣ ጎረቤትን፣ አክስትን አይይዝም። በጸሎት መስመር ላይ የሰውን በሽታ መናገር በሂፓ አያስጠይቃቸውም ማለት ነው። እኔን ግን ይይዘኛል፤ በሕክምና የምትሠሩትን ወይም እንደ እኔ ለልምምድ ሆስፒታል የምትገቡትንም። ቀን የተንከባከብኳት ታካሚ ስም ንጋት ላይ ሲጠራ ብሰማ፣ «አዎ፣ አይቻታለሁ፣ ተሽሏታል» ማለት አልችልም፤ ሆስፒታል መተኛቷን ማወቄንም ማሳየት የለብኝም። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ስንሆን ይህ ከባድ ነው። «ነርስ አይደለሽ? ንገሪን እንጂ» ይሉናል።

ያው ሕግ ለአገልጋዮች በርም ይከፍታል፤ ይህን ወላጆቻችን አያውቁትም። ታካሚው ካልተቃወመ ሆስፒታሉ ስሙን፣ ያለበትን ክፍል፣ አጠቃላይ ሁኔታውንና ሃይማኖቱን በዝርዝር ሊይዝ ይችላል። ሌላ ጎብኚ በስም ጠይቆ ክፍሉን ይነገረዋል፤ ሃይማኖቱን ግን አይነገረውም። ለቄስ ወይም ለፓስተር ሃይማኖቱም ሊነገር ይችላል፤ ታካሚውን በስም መጥራትም አይጠበቅባቸውም። በመግቢያው ቅጽ ላይ «ስምዎ ይያዝ?» ሲባሉ ፈርተው «አይሆንም» ካሉ ግን፣ ድልድዩን አቋርጠው የመጡት ፓስተር «እንዲህ ስለሚባል ሰው የምንሰጠው መረጃ የለም» ተብለው ይመለሳሉ። ቅጹን ለእናታችሁ የምትሞሉት እናንተ ናችሁና እዚህ መስመር ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ጠይቋት።

ፓስተር ሲገቡ ደግሞ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ «አማርኛ ይችላሉ? ይተርጉሙልን» ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ ወይም ታካሚው ራሱ ካልፈለገ በቀር አብሮ የመጣን ሰው አስተርጉም ማለት አይገባም። ፓስተራችን አሁን «እኔ ልጸልይ መጣሁ፣ አስተርጓሚ ጥሩ» ማለትን ተምረዋል። ምክንያታቸው የሕክምና ቃል አለማወቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክፉ ወሬ ለበሽተኛ በቀጥታ አይነገርም ብለን አድገናል፤ አፋቸው ላይ ሲደርስ ቃሉ ይለሰልሳል፣ በለሰለሰው ቃል ደግሞ ሰው ቀዶ ሕክምና ሊወስን ነው። «ለእኔ አትንገሩኝ፣ ለልጄ ንገሩ» ማለት የታካሚው መብት ነው፤ ግን እሱ ይበለው።

ሐኪሞቹ ሲወጡ ስልካቸውን ያወጣሉ። ለአረጋውያን የሚያነቡት የ1954ቱን ትርጉም ነው፤ በቃል የሚያውቁት እሱን ስለሆነ አብረው ይሉታል። በኦርቶዶክስ ቤት ያደጉ እናት «ዳዊት 22» ካሉ በአፑ ላይ 23ኛውን ይከፍታሉ፤ አቆጣጠሩ ተለያየ እንጂ መዝሙሩ ያው የእረኛው ነው።

በመስመሩ ላይ ደግሞ አሁን ደንብ አለ። ታማሚው በራሱ አንደበት «በስሜ ይጸለይልኝ» ብሎ ለፓስተር ካልነገረ በቀር የሚባለው «አንዲት እኅት ሆስፒታል ናት» ብቻ ነው፤ በሽታው አይጠቀስም። የቤተሰብ ፈቃድ አይበቃም። ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እነሱ በክርስትና ስም ስለሚጸልዩ «ወለተ ማርያም» ሲባል ጎረቤት ማን እንደሆነች አያውቅም። ከእኛ ግን «ስሙን ሳናውቅ እንዴት እንጸልይ?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ፓስተር የቤት ለቤቱን ዘመን አስታወሷቸው፤ ያን ጊዜ ማን ስም ጠየቀ? ዝም አሉ። አንዳንዶቹ ግን አሁንም መስመሩ እንደተዘጋ ይደውሉና «ለመሆኑ ማን ናት?» ይሏቸዋል። አይነግሯቸውም።