ትሮጃን ከግል ኮምፒውተር ላይ የሚለይበትና የሚወገድበት መንገድ

ትሮጃን ማልዌር በሚል የወል ስም ከሚታወቁት አጥፊ ተልዕኮ ካላቸው ሶፍትዌሮች አንዱ ነው። ስያሜው የተወሰደው ግሪካውያን ወታደሮቻቸውን ደብቀው ወደ ትሮይ ከተማ ካስገቡበት የእንጨት ፈረስ ታሪክ ነው። እንደ ቫይረስ ራሱን እያባዛ አይዛመትም፤ ጠቃሚ ፕሮግራም ወይም ሰነድ መስሎ ይቀርባል፤ በሩንም የሚከፍትለት አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ ባለቤት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታወቀው ዜውስ የተሰኘ ትሮጃን ተጠቃሚዎች በባንክ ድረ ገጾች ላይ የሚጽፉትን የይለፍ ቃል ይሰርቅ ነበር። በመሆኑም ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

ከመግቢያ መንገዶቹ መካከል በተለምዶ “ክራክ” የሚባሉት ያለፈቃድ የሚሠራጩ ሶፍትዌሮች በተለይ ሊጤኑ ይገባል። እነዚህን ለመጫን ብዙውን ጊዜ ጸረ-ቫይረሱ እንዲዘጋ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በኢሜይልና በቴሌግራም የሚላኩ ሐሰተኛ ደረሰኞችም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ዊንዶውስ የፋይሉን ዓይነት የሚያመለክተውን የስም መጨረሻ ስለሚደብቅ፣ “ደረሰኝ.ፒዲኤፍ” መስሎ የሚታይ ፋይል እውነተኛ መጨረሻው “ኢኤክስኢ”፣ ማለትም ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ሊሆን ይችላል።

የኮምፒውተር መዘግየት ብቻውን የትሮጃን ምልክት አይደለም፤ ያረጀ ወይም ዲስኩ የሞላ ኮምፒውተርም ይዘገያል። ይበልጥ የሚያሳስበው ጸረ-ቫይረሱ በራሱ ተዘግቶ አልከፈት ሲል፣ ያልተጫነ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ሲነሳ፣ ወይም ባለቤቱ ያላደረገው የአካውንት መግቢያ ማሳወቂያ ሲደርሰው ነው። በጥንቃቄ የተሠራ ትሮጃን ግን ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል።

ጥርጣሬ ሲኖር በቅድሚያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ትሮጃኑ የሰረቀውን የሚልከውም ትዕዛዝ የሚቀበለውም በዚያ ነው። ከሒሳቡ ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ወዲያውኑ ለባንኩና ለፖሊስ ማሳወቅ፣ ማስረጃ እንዳይጠፋም በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ነገር ከመሰረዝ መቆጠብ ይኖርበታል። ሌሎች ተጠቃሚዎች ከዊንዶውስ ጋር በነጻ የሚመጣውን ማይክሮሶፍት ዲፌንደር በመክፈት፣ ከፍተሻ አማራጮች ውስጥ “ኦፍላይን ስካን” የሚለውን መምረጥ ይችላሉ። የተከፈቱ ሥራዎችን አስቀድሞ ሴቭ ማድረግ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ፍተሻውም 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የዚህ ፍተሻ ብልጫ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ መከናወኑ ነው፤ ትሮጃኑ ለመደበቅ ዕድል አያገኝም። ከዚያም ጸረ-ቫይረሱን አዘምኖ ሙሉ ፍተሻ መድገም ተገቢ ነው።

ትሮጃኑ ተመልሶ ከታየ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ብቻ ወደ ሌላ ማከማቻ ገልብጦ፣ ኮምፒውተሩን ፎርማት በማድረግ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አስተማማኙ መፍትሔ ነው። ኮምፒውተሩን የሚጠግነው ባለሙያ መልሶ ክራክ ሶፍትዌር ከጫነበት ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የይለፍ ቃሎችን መቀየር እስከ ጥገናው ፍጻሜ ሊቆይ አይገባም። ቅያሬው መከናወን ያለበት ግን ከተጠረጠረው ኮምፒውተር ሳይሆን ንጹህ ከሆነ ስልክ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ነው። የሌሎች አካውንቶች የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል በኩል በመሆኑ ኢሜይል ይቀድማል፤ የባንክ አገልግሎቶች ይከተላሉ። በተጨማሪም “ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ” የሚለውን አማራጭ መጠቀም ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ትሮጃኖች በብሮውዘር ውስጥ የተቀመጠውን የመግቢያ ፈቃድ ስለሚሰርቁ፣ ሌባው አዲሱን የይለፍ ቃል ሳያውቅም በአካውንቱ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።