ተጨማሪ መረጃ፦ መስመሩ ከብዕሩ ጫፍ ሲለይ

በታብሌት ላይ ሲጻፍ መስመሩ ከብዕሩ ጫፍ ፈንጠር ብሎ የሚወጣ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው እጁን ከመውቀሱ በፊት የስሕተቱን መንሥኤ መመርመር ይገባዋል። በ1983 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በጃፓን የተቋቋመው የዋኮም ኩባንያ በሚሠራው ባትሪ አልባ ብዕር ውስጥ፣ ከመስተዋቱ በታች ከተዘረጋው የሽቦ መረብ ኃይል የሚቀበል ጥቅል ሽቦ ስላለ፣ የታብሌቱ መሸፈኛ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የመዝጊያው ማግኔት ከመረቡ ሥር ያርፍና መግነጢሳዊ መስኩን ያውካል፤ መስመሩም በዚያው ስፍራ ብቻ ይጎብጣል። ስለዚህ ቅድመ ኵሉ መሸፈኛውን አውልቆ፣ ማስመሪያ አስደግፎ፣ በዝግታ ማስመር እጅግ የታመነ ፈተና ነው። ስሕተቱ በገጹ ሁሉ እኩል ከሆነ ግን፣ በዊንዶውስ ካሊብሬሽን (የብዕሩን ልክ ማስተካከያ) የሚቀርቡትን የመስቀል ምልክቶች መሐል ለመሐል መንካት ያሻል፤ ይህም ዘወትር በሚጻፍበት አያያዝ ይሁን፤ ብዕሩን አዘንብሎ የሚጽፍ ሰው አቅንቶ ቢነካ ልኩ ዳግመኛ ይዛባልና።