ሊብሬ የሌለው ሞዴል፦ ኤአይ የሚጠቀም ኩባንያ ከመገዛቱ በፊት ምን ይመረመራል?

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ነው እንበል። ሻጩ አሳጥቦና አስወልውሎ አቅርቦላችኋል፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ወዲያው ብር ትቆጥራላችሁ? በፍጹም! መጀመሪያ የምታምኑት መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ፣ ከሥር ገብቶ ያይላችኋል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ትሄዳላችሁ፦ ሊብሬው በሻጩ ስም ነው? የሻንሲው ቁጥር ይገጥማል? ባንክ ያሳገደው ዕዳ የለበትም? ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ወረቀቱ የተበላሸ ከሆነ የገዛችሁት መኪና ሳይሆን ጣጣ ነው።

ኩባንያ ሲገዛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት የገዢው ጠበቆች ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ወስደው የሻጩን ሰነዶች ያገላብጣሉ። ያልተከፈለ ግብር አለ? የተንጠለጠለ ክስ አለ? የሠራተኞቹ ውል ምን ይላል? የሙያው ሰዎች ይህን ዱ ዲሊጀንስ ይሉታል፤ እኛ እዚህ «የቅድመ ግዢ ምርመራ» እንበለው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አክሲዮኑን የገዛ ሰው ኩባንያውን ከነታሪኩ ነው የሚረከበው፤ ትናንት የተበላሸው ነገር ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ራስ ምታት ይሆናል።

ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ ይህን በውድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስታርውድ የተባለውን ሌላ የሆቴል ኩባንያ ገዛ። በ2018 ግን አንድ ደስ የማይል ነገር ተደረሰበት፤ ሰርጎ ገቦች ከ2014 ጀምሮ በስታርውድ የእንግዶች መመዝገቢያ ሥርዓት ውስጥ ተደብቀው ኖረዋል። ቤቱ ሲሸጥ ሌባው እኮ ውስጥ ነበር! በ2020 የብሪታኒያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ 18.4 ሚሊዮን ፓውንድ ሲቀጣ፣ ቅጣቱ ያረፈው በገዢው በማሪዮት ላይ ነው።

ስኳሩ ሻይ ውስጥ ከሟሟ በኋላ

ታዲያ ኩባንያው ሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ኤአይ፣ የሚጠቀም ሲሆን ምን የተለየ ነገር አለ? ይህን ለመረዳት ሞዴል እንዴት እንደሚሠለጥን እስቲ እንይ።

ሞዴል በመሠረቱ በሚሊዮን፣ አንዳንዴም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ስብስብ ነው። ሲሠለጥን ፎቶ ወይም ጽሑፍ ይቀርብለታል፤ ይገምታል፤ ግምቱ ሲስት ቁጥሮቹ በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በመጨረሻ «የእከሌ ፎቶ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው» ብሎ በጣት ማሳየት ያስቸግራል። የእያንዳንዱ ፎቶ ተጽዕኖ በብዙ ቁጥሮች ላይ በትንሽ በትንሹ ተበትኗል።

ከመኪና ላይ የተሰረቀ ጎማ ተፈትቶ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር ግን በማንኪያ ተለቅሞ አይወጣም። ተመራማሪዎች ሞዴሎች የተማሩትን እንዲረሱ የሚያደርጉ ዘዴዎችን እየሞከሩ ነው። አስተማማኙ መንገድ ግን ሻዩን ደፍቶ እንደገና ማፍላት፣ ማለትም ሞዴሉን ከዜሮ ማሠልጠን ነው።

ሕጉም ይህን ተረድቶታል። በአሜሪካ ኩርቦ የሚባል፣ ልጆች አመጋገባቸውንና ክብደታቸውን የሚከታተሉበት መተግበሪያ ነበር። ዌይት ዋቸርስ በሚል ስም የሚታወቀው የክብደት መቀነሻ ኩባንያ በ2018 ገዛው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኋላ እንደገለጸው፣ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች መረጃ ወላጆች በሚገባ ሳይነገራቸውና ሳይፈቅዱ ተሰብስቧል፤ ችግሩም የጀመረው ከግዢው በፊት ነው። በ2022 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከገንዘቡ ይልቅ ብዙዎችን ያስደነገጠው ሌላው ትእዛዝ ነው፤ ያለአግባብ የተሰበሰበውን መረጃ ብቻ ሳይሆን ከመረጃው የተሠሩትን አልጎሪዝሞችም አጥፋ ተባለ።

ገዢ ሆናችሁ አስቡት። ገንዘብ ያወጣችሁት ለሞዴሉ ነው፤ ሞዴሉ ግን በአንድ ትእዛዝ ይጠፋል።

ጠበቆቹ የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ዳታው ከየት መጣ? የሰዎች የግል መረጃ ከሆነ ሰዎቹ የፈቀዱት ለምንድን ነው? ፎቶውን እንድታስቀምጥለት የሰጠህ ሰው ፊት የሚለይ ሞዴል እንድታሠለጥንበት ፈቅዷል ማለት አይደለም። ዳታው የሌላ ሰው ሥራ ከሆነስ? ሮስ ኢንተለጀንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለጠበቆች የሚሆን የፍለጋ ኤአይ ሲያሠለጥን፣ ዌስትሎ ከተባለው የሕግ መረጃ ቋት የተቀዱ ማጠቃለያዎችን መሠረት አድርጎ በተዘጋጀ ጽሑፍ ተጠቀመ። የዌስትሎ ባለቤት ቶምሰን ሮይተርስ በ2020 ከሰሰው። ፍርዱ ሳይሰጥ ሮስ ተዘጋ። በ2025 ዳኛው የቅጂ መብት ተጥሷል ሲሉ ወሰኑ፤ ይግባኝም ተጠየቀበት። በተመሳሳይ ጉዳዮች ለኤአይ ሠሪዎች ያደሉ ዳኞችም ስላሉ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አንድ አቋም ላይ ገና አልደረሱም። ለገዢ ይህ እርግጠኛ አለመሆን ራሱ አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞዴሉ የማን ነው? ኮዱን በኮንትራት የጻፈው ልጅ መብቱን ለኩባንያው በጽሑፍ አስተላልፏል? ወይስ «የእኛ ኤአይ» የሚባለው ነገር በሌላ ኩባንያ ሞዴል ላይ የተሠራ ነው? እንዲህ ከሆነ ኩባንያው ያለው በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ባለቤት ሲቀየር የኪራይ ውሉ ይቀጥል እንደሆነ መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ ለምን ሥራ ይውላል? ፊልም የሚጠቁም ኤአይና ብድር የሚከለክል ኤአይ እኩል አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ጸንቷል፤ ግዴታዎቹ ግን በየደረጃው ነው የሚጀምሩት። የሰዎችን ፊት ከኢንተርኔት በጅምላ እየለቀሙ ቋት መሥራትን የመሳሰሉ ድርጊቶችን ጭራሽ ከልክሏል። የተከለከለውን ያደረገ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢው እስከ 7 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊቀጣ ይችላል። ሥራው አውሮፓ ውስጥ ከዋለ ውጭ አገር ያለ ኩባንያም አያመልጥም።

አራተኛ፣ ሲሳሳት ይታወቃል? አይቱተርግሩፕ የተባለ የመስመር ላይ ማስተማሪያ ድርጅት፣ የቅጥር ሶፍትዌሩ 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሴቶችና 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ወንዶች ያለ ሰው እጅ ይጥላል ተብሎ በአሜሪካ ተከሶ ነበር። በ2023 365,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ ጠበቆች የሙከራ ውጤቶችንና የቅሬታ መዝገቡን ይጠይቃሉ። «ሞክረን አናውቅም» የሚል መልስ ራሱ ግኝት ነው።

ችግር ሲገኝስ?

ችግር ተገኘ ማለት ግዢው ፈረሰ ማለት አይደለም። ዋጋ ሊቀነስ ይችላል፤ ያሁ በሰርጎ ገቦች መጠቃቱ ይፋ ሲሆን፣ ቬራይዘን በ2017 ከግዢው ዋጋ 350 ሚሊዮን ዶላር አስቀንሷል። የዋጋው አንድ ክፍል በሦስተኛ ወገን እጅ ለጊዜው ሊቆይ፣ ወይም ሻጩ ለሚመጣ ክስ ኃላፊነት ሊወስድ ይችላል። ሞዴሉን በንጹሕ ዳታ እንደገና ማሠልጠንም ይቻላል፤ ወጪውን የሚችል ከተገኘ። ምንም ካልተቻለ ደግሞ ጥሎ መሄድ ነው።

«እኔ ኩባንያ አልገዛ፣ ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ግን ምናልባት በአማርኛ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያ ለመሥራት የጓደኞችህን ድምፅ እየቀዳህ ይሆናል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ማን ድምፁን ሰጠ? መቼ? ለምን ተብሎ? ዛሬ በአንድ ደብተር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ገዢ በር ሲያንኳኳ፣ ከ300 ሰዎች ግማሹ ስልክ ቀይረው፣ ገሚሱ አገር ለቀው፣ ፈቃዳቸውን ፍለጋ መዞር ግን ሌላ ነገር ነው። የሞዴልህ ሊብሬ ያ ደብተር ነው።