በቅሎ ለምን አትወልድም?

ደሴ፣ ሆጤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ስለ ሕዋስ መከፋፈል የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ እያለ ደረጃዎቹን ይሸመድዳል፤ ሥዕሉን ይሥላል፤ ተፈትኖ ይረሳል። ሁለቱ የመከፋፈል ዓይነቶች፣ ማይቶሲስና ሜዮሲስ፣ በምን እንደሚለያዩ ሳይገባው የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ልዩነቱን ከየትኛውም ሥዕል አጥርታ የምታሳየው ግን ከገጠር ጭነት ይዛ ወደ ከተማው የምትዘልቀው በቅሎ ናት።

በቅሎ ከባዝራና ከወንድ አህያ ትወለዳለች። በጉልበት ከአህያ ትበልጣለች፤ በትዕግሥትና በእግር አጣጣል ከፈረስ ትሻላለች። የወሎን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመውም። መውለድ ግን አይሆንላትም። ባላገሩ ምክንያቱን ባይጠይቅም ነገሩን ከጥንት ያውቀዋል፤ በቅሎ ማርባት የፈለገ ሰው በቅሎ ከበቅሎ ሲያገናኝ አይታይም፣ ባዝራ ነው የሚፈልገው።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ሕዋስ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ዘር የሚተላለፍባቸው ረጃጅም ዲ ኤን ኤዎች አሉ። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል እነዚህ ተጠቅልለው በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ክሮሞዞሞች ይሆናሉ። ፈረስ 64፣ አህያ 62፣ ሰው 46 አለው። በነገራችን ላይ ቁጥሩ የክብር መለኪያ አይደለም፤ በአፋር አላይደጌ ሜዳ የሚግጠው የግሬቪ የሜዳ አህያም እንደኛው 46 ነው ያለው።

ማይቶሲስ የሰውነት ሕዋስ ራሱን የሚያባዛበት መንገድ ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ይቀዳል፤ ዋናውና ቅጂው ወገባቸው ላይ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ከዚያ ሁሉም መሐል ላይ ይሰለፋሉ። ከሕዋሱ ሁለት ጫፍ የሚነሡ ቀጫጭን ክሮች ይይዟቸውና አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ይስባሉ። ሕዋሱ ሲከፈል ሁለት ልጆች ይወጣሉ፤ ሁለቱም የእናታቸውን ያህል ክሮሞዞም ይዘዋል። ጀርመናዊው ቫልተር ፍሌሚንግ ይህን በሳላማንደር ሕዋሳት ላይ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1882 በመጽሐፍ አሳተመው። ጽንስ የሚያድገው፣ ቁስል የሚሽረው፣ ቆዳ የሚታደሰው በዚህ ነው። የአንድ አዋቂ ሰው መቅኒ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያመርተውም በዚሁ ተከታታይ ክፍፍል ነው። ልጓሙ ሲበጠስና ሕዋስ ያለ ገደብ መከፈል ሲጀምር ካንሰር ይሆናል፤ ለዚህ ነው ቪንክሪስቲንን የመሰሉ መድኃኒቶች እነዚያን ሳቢ ክሮች እንዳይሠሩ አድርገው ክፍፍሉን የሚያቆሙት።

አሁን በቅሎዋን እናምጣ። ከእናቷ ከፈረስ 32፣ ከአባቷ ከአህያ 31 ወስዳ 63 ክሮሞዞም አላት። በማይቶሲስ ጊዜ ይህ ምንም ችግር አያመጣም፤ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ለብቻው ይቀዳል፣ ለብቻው ይከፈላል፣ ጓደኛ አይፈልግም። ስለዚህ በቅሎዋ ታድጋለች፣ ትጠነክራለች፣ ኮርቻ የገጠበው ጀርባዋም ይሽራል።

ሜዮሲስ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚከረው። ሜዮሲስ በእንስሳት የሚካሄደው በዘር ፍሬና በእንቁልጢ ውስጥ ብቻ ሲሆን ሥራው የክሮሞዞሙን ቁጥር በግማሽ መቀነስ ነው። ባይቀንስ የሰው ልጅ በአንድ ትውልድ 92፣ በሁለት ትውልድ 184 ይደርስ ነበር። እዚህ ግን መሳብ ብቻ አይበቃም። ከእናት የመጣው አንደኛ ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አንደኛ ፈልጎ ማግኘት፣ ጎን ለጎን መተኛትና ቁራጭ ከቁራጭ መለዋወጥ አለበት። ከዚያ ጥንዱ ይለያያል፤ ሕዋሱ አንዴ ደግሞ ይከፈልና ከአንዱ አራት ይሆናል። በሴቷ በኩል ከአራቱ እንቁላል የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ዕጣ ስለሆነ፣ መለዋወጡን እንኳ ሳንቆጥር፣ ከአንድ ሰው 23 ጥንዶች 8 ሚሊዮን 388 ሺህ 608 ዓይነት የዘር ሕዋስ ሊወጣ ይችላል። የአንድ እናት ልጆች የማይመሳሰሉት በዚህ ነው።

የሴት ልጅ ሜዮሲስ የሚጀምረው ደግሞ እሷ ራሷ ገና ጽንስ ሳለች ነው። ጀምሮ ይቆምና ለዓመታት ይጠብቃል። እርስዎ የተገኙበት እንቁላል እናትዎ በአያትዎ ማሕፀን ሳሉ ሥራውን ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

እንቁላሉና የወንዱ ዘር እኩል ክሮሞዞም እንደሚያዋጡ ያየው ቤልጅየማዊው ኤዱዋርድ ቫን ቤኔደን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1883። የተመለከተው ከፈረስ አንጀት የወጣ ወስፋት ነበር! ክሮሞዞሙ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለመቁጠር ይመቻል።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። በሜዮሲስ ፊት ግን ይህ መልስ አያድንም፤ አባትም ይቆጠራል። የፈረሱ 32ና የአህያው 31 ጥንድ ጥንድ ሁኑ ሲባሉ አይገጥሙም። ጎዶሎነቱ ብቻውን ጥፋተኛ እንዳይመስለን፤ የሞንጎልያው የፕርዠቫልስኪ ፈረስ 66 ክሮሞዞም አለው፣ ከተራ ፈረስ ጋር ሲዳቀል 65 ያለው ልጅ ይወለዳል፣ ያ ልጅ ግን ይወልዳል። ዋናው ችግር በፈረስና በአህያ ክሮሞዞሞች ላይ ቅደም ተከተሉ ብዙ ቦታ መቀያየሩ ነው። ተስማሚ ጥንድ ያጣ ሕዋስ ክፍፍሉን ሳይጨርስ ይሞታል። እጅግ አልፎ አልፎ አንዷ ታመልጣለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞሮኮ ውስጥ የወለደች በቅሎ ተመዝግባለች።

እንግዲህ ድቅል ሁሉ መካን ነው? አይደለም፤ ማስረጃው ገበታችን ላይ ነው። ቡና አረቢካ ራሱ ድቅል ነው። ወላጆቹ፣ ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ የሚባሉት የቡና ዝርያዎች፣ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ አረቢካ ግን 44። ጤፍም እንዲሁ የሁለት ሣሮች ድቅል ሲሆን 40 አለው። ሁለቱም የበቅሎ ዕጣ ሊደርስባቸው ሲል ስሕተት አዳናቸው። ክሮሞዞሙ ከተቀዳ በኋላ ሳይለያይ ቀረና ቁጥሩ እጥፍ ሆነ። ያኔ እያንዳንዱ ክሮሞዞም መልኩን የመሰለ ጓደኛ አገኘ፣ ሜዮሲሱም ሰመረ። እንዲህ ያለው ማምለጫ በዕፅዋት ዘንድ የተለመደ ነው፤ በእንስሳት ዘንድ ብርቅ ነው።

ጤፍ አበባው ከዓይን የሚሰወር፣ በራሱ ዘር የሚያፈራ ተክል ስለሆነ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሊያዳቅሉት አልቻሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ነጩን ማኛንና ምርታማውን ዱከምን አዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ አወጣ። የአንዱን ንጣት ከሌላው ምርት ጋር በአንድ ፍሬ ያገናኘው ያ በሜዮሲስ ጊዜ የሚደረግ ዕጣና የቁራጭ ልውውጥ ነው።

በቅሎም ያለ ሜዮሲስ የተባዛችበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2003 በአሜሪካ የኢዳሆ ዩኒቨርሲቲ ኢዳሆ ጄም የተባለ በቅሎ ተወለደ። ከበቅሎ ጽንስ የተወሰደ ሕዋስ አስኳሉ በወጣለት የባዝራ እንቁላል ውስጥ ገብቶ፣ በማይቶሲስ ብቻ ተከፋፍሎ አድጎ ነው። ከፈረስ ዘመዶች ወገን የመጀመሪያው ቅጂ እንስሳ እሱ ነበር። ቅጂ ግን ቅጂ ነው፤ ከተቀዳበት ሕዋስ የተለየ አዲስ ባሕርይ አያመጣም። ቁንጮን የመሰለ ዘር የሚፈልግ አራቢ ከሜዮሲስ ሌላ መሄጃ የለውም።