«መለኪያው ተበላሸ» ሲባል የትኛው?

ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ወጥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያቀና አሮጌ የጭነት መኪና የሙቀት ቀስቱ ቀይ ላይ ሲደርስ፣ ሾፌሩ «መለኪያው ተበላሸ» ሊል ይችላል። ተርጓሚ ግን በዚህ ቃል ሊረካ አይገባውም። ሞተሩ ላይ ተተክሎ የውኃውን ሙቀት የሚቀበለው አንድ ዕቃ ነው፤ ቀስቱን ይዞ በሾፌሩ ፊት የሚታየው ሌላ። ሁለቱንም «መለኪያ» የሚል የጥገና መጽሐፍ ደኅናውን ዕቃ ያስለውጣል።

ስለዚህ የፊተኛውን «ዳሳሽ»፣ የኋለኛውን «አመልካች» ማለትን እንመርጣለን። መካኒኩ «ሴንሰር»ና «ጌጅ» ቢል አንነቅፈውም፤ ፍሬንና ካንዴላም ከጣሊያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። «ዳሰሰ» እጅን ያስታውሳል፤ ዳሳሹም እንደ እጅ ያልነካውን አያውቅም። ውኃው ጎድሎ በባዶ ከቀረ፣ ሞተሩ እየጋለ ቀስቱ ዝቅ ሊል ይችላል።

ልዩነቱ በፍተሻ ጊዜ ይጎላል። ሞተሩ በርዶ፣ ውኃው ሙሉ መሆኑ ታይቶ፣ ቁልፉ ሲከፈት ቀስቱ አሁንም ቀይ ላይ ከቆመ፣ በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች የዳሳሹ ነጠላ ሽቦ ይነቀላል። ቀስቱ ከወረደ ጥፋቱ የዳሳሹ ነው፤ ካልወረደ ሽቦው መንገድ ላይ ከብረት ጋር ተነካክቷል፣ ወይም አመልካቹ ራሱ ተበላሽቷል። ይህንኑ ትእዛዝ «የመለኪያውን ሽቦ ንቀል» ብለን ብንተረጉመው፣ መካኒኩ ዳሽቦርዱን ሊፈታ ይነሣል።