ዝናቡ አንድ ሲሆን ጉዳቱ ስለ ምን ይለያያል?

ዝናብ ሰው አይመርጥም ይባላል። እውነት ነው፤ ደመና የባለጸጋውን ቤት ከድኃው ለይቶ አያውቅም። ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ዛሬ ልናመለክት የምንወደው፣ የዓለም የአየር ጠባይ መለወጥ የሚያመጣው ጉዳት ለሁሉ እኩል አለመሆኑን ነው።

አስቀድመን መነሻውን እንመልከት። ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። ስለዚህ ከ2011 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የምድር ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በልጦ ተገኝቷል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል፤ በዚህም ዝናቡ ሲመጣ ይበረታል፣ ሲጠፋም መሬቱ ፈጥኖ ይደርቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ለአንድ ሰው በአማካይ የደረሰው የጋዝ መጠን 6.9 ቶን ሲሆን፣ እንደ አገራችን ባሉት እጅግ ድኃ አገሮች 1.7 ቶን ብቻ ነበር። እንግዲህ አንዱ ሲያጨስ ሌላው ይስላል ማለት ነው።

ነገሩን በቅርባችን ለማየት፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን እንውሰድ። የእንጦጦ ተራራ ውሃውን ለሁለት ይከፍላል፤ በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ፣ በደቡብ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። በቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ያጠራቅማል። ከሰበታ ወዲያ ያለው የበቾ ሜዳ ደግሞ ክረምቱ ሲበረታ አዋሽ ሞልቶ የሚተኛበት ነው።

አሁን በአንዱ ከተማ የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦችን እናስብ። የአንደኛው ቤት ከፍ ባለ ቦታ በድንጋይ መሠረት የቆመ ነው፤ በጓሮውም የውሃ ሮቶ አለ። ሁለተኛው በወንዝ ዳር በጭቃ ቤት ተከራይቷል። ዶፍ ሲወርድ የመጀመሪያው ድምፁን በቆርቆሮው ላይ ይሰማል፤ ሁለተኛው ፍራሹን ያነሣል። ቧንቧው ሲቋረጥ የመጀመሪያው ከሮቶው ይቀዳል፤ ሁለተኛው ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ጀሪካን ያሸክማታል። ውሃ በጀሪካን ሲገዛም በሊትር የሚከፍለው ከባለ ቧንቧው ይበልጣል። የሱሉልታው ከብት አርቢም ዝናቡ ሲዘገይ ሣሩን፣ ከሣሩም ጋር ወተቱን ያጣል።

የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ ሊቃውንት እንደመዘገቡት፣ ከ2010 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በጎርፍ፣ በድርቅና በማዕበል የደረሰው ሞት እጅግ በተጋለጡት አገሮች ጉዳት ከማያሰጋቸው 15 እጥፍ ነበር። ይህ በአገሮች መካከል የታየው ልዩነት በአንድ ቀበሌ ውስጥም አለ።

ስለዚህ ሁሉን በሰማይ ማመካኘት አይገባም። ወንዝ ዳር ለቤት መሥሪያ የሚፈቅድ ፊርማ፣ ያልተጠረገ ቦይ፣ የተመነጠረ ዛፍ የእኛው እጅ ሥራ ናቸው። ወጣቱ ሹም ቦታ ሲመራ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ይጠይቅ፤ ቧንቧ ሲዘረጋም ሮቶ ከሌለው ሠፈር ይጀምር። ተማሪውም የሠፈሩን ጎርፍ መንገድ በካርታ ያስፍር።

አዲስ አበባ በ2027 እ.ኤ.አ. 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። በዚያ ጉባኤ ከባለጸጎች አገሮች ፍትሕ መጠየቃችን ተገቢ ነው። ጥያቄያችን ክብደት የሚኖረው ግን፣ በወንዝ ዳር ላለው ጎረቤታችን ያንኑ ፍትሕ አስቀድመን ስንሰጠው ነው።