አራስ ልጠይቅ ሄጄ ከዘንዶ ጋር ከረምኩ

አምና ጥቅምት ላይ ምራቴ የመጀመሪያ ልጇን ስለወለደች ዳላስ፣ ቴክሳስ ሄድኩ። ሻንጣዬን የሞላው የገንፎ ዱቄት፣ በሶና አብሽ ነበር። ቤት ደርሰን የልጅ ልጄን ስሜ ሳልጠግብ ልጄ ጎተት አደረገኝና፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ግን እንዳትጮኺ» አለኝ። ከጋራዡ አጠገብ ያለችውን ክፍል ከፈተ። መደርደሪያ ላይ ሰፋፊ የፕላስቲክ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ አንዳንድ ዘንዶ ተጠቅልሎ ተኝቷል። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። አልጮኽኩም፤ ዕድሜውን ሙሉ በነርስነት የሠራ ሰው በቀላሉ አይጮኽም። ግን ወንበር ጠየቅኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሕፃኑ ነው። እባብ፣ ኤሊና እንሽላሊት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይዘው ሊኖሩ ይችላሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እነዚህን እንስሳት አይመክርም። (ለ65ቱ እኔም ብዙ አልቀረኝም።) ስለዚህ ሻንጣዬን ሳልፈታ ሕግ አወጣሁ። የክፍሉ በር ሁልጊዜ ይዘጋል። ከዚያ የወጣ ሰው እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ሳይታጠብና ሸሚዙን ሳይቀይር ሕፃኑን አይነካም። የዘንዶዎቹ የውሃ ሳህን ወጥ ቤት አይታጠብም። ለምግባቸው የሚገዛው የቀዘቀዘ አይጥ ደግሞ ምራቴ የታለበ ወተቷን ከምታስቀምጥበት ፍሪጅ ይውጣ። ልጄ ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ በዚያው ሳምንት ገዛ።

እኛ ዘንዶ ስንል የሚታየን በቆላው ያለው ከ4 ሜትር በላይ የሚረዝመው ነው፤ ወይም በሥዕል እንደምናየው አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ላይ ያወጣው። ልጄ የሚያረባው ግን ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሹ ዓይነት ነው። አገሩ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒንና አካባቢው ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ መርዝ የለውም፤ ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። አሜሪካኖች በመልኩ አብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦብ ክላርክ የተባለ አርቢ ነጭና ቢጫ የሆነውን አልቢኖ ካስፈለፈለ ወዲህ አርቢዎች መልክ ከመልክ እያዳቀሉ ስንት ዓይነት አውጥተዋል። መልኩ ብርቅ ከሆነ ዋጋውም ያን ያህል ነው። ልጄም ከደመወዙ ላይ ትንሽ ገቢ ለመጨመር ነው የገባበት፤ የወሊዱ የሆስፒታል ሒሳብ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ክርክራችን የተነሣው በ«ቡና» ነው። ቡና ያላት ቡናማ ስለሆነች ነው። የሁለት ዓመት ሴት ናት፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ 1,420 ግራም። ልጄ ከጓደኛው መልኩ ውድ የሆነ ወንድ እስከ ጥር ተውሷል። «እማዬ፣ ሴቷ 1,500 ግራም ከገባች ትችላለች ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ትንሽ ነው የቀራት» አለኝ። ወንዱ ግን በዓመቱ፣ ከ600 እስከ 700 ግራም ሲሞላ ይደርሳል፤ እሱ ምን ይጎድልበታል!

ዕድሜዋን ጠየቅኩት። አርቢዎቹ ራሳቸው ሦስት ዓመት አካባቢ ይሙላት እንደሚሉ ያውቃል። ጀርባዋን እንዳየው ነገርኩት። አከርካሪዋ ጎልቶ ይታያል፤ ጎኗ ሞላ አላለም። የደረሰች ሴት ጀርባዋ ክብ ብሎ ይሞላል። በጣም መወፈርም ሌላ ጣጣ ነው፤ ስትታጠፍ ቆዳዋ እየተሸበሸበ በቅርፊቶቿ መሃል የሚታይ ከሆነ ስብ ነው እንጂ ጤና አይደለም። እኔ ይህን ከዘንዶ አልተማርኩም። በወጣትነቴ በሠራሁበት የገጠር ጤና ጣቢያ ልጅነቷን ያልጨረሰች ሙሽራ በቃሬዛ ትመጣለች፤ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቤተሰቡ «ደርሳለች ብለን ነው፤ ሰውነቷ ይሞላል» ይላል። ክብደቷ እውነትም ይሞላል፤ ዳሌዋ ግን ገና አልሰፋም። ሰውን ከእባብ ጋር አላወዳድርም፤ ትዝታ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

ልጄ «እሺ» አለ። ወንዱን ከ«እትዬ» ጋር አገናኘው። እትዬ የአራት ዓመት ናት፤ 1,900 ግራም፣ ጀርባዋ ክብ። ከኅዳር ጀምሮ የሌሊቱን ሙቀት ወደ 24 ዲግሪ አወረደ፤ በተፈጥሮ የሚራቡት ቀዝቀዝ ባለው ወቅት ስለሆነ ነው። ወንዱ ሁለት ሦስት ቀን አብሯት ያድራል፤ ከዚያ ለብቻው ይበላል፤ ተመልሶ ይገባል። እትዬ ምግብ እንቢ አለች፤ ቀዝቃዛውን ጥግ መረጠች፤ አንዳንዴም ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ትተኛለች። እርጉዝ ሴት ጎን ለጎን መተኛት ሲያስቸግራት ያየ ሰው ይገባዋል።

በጥር አንድ ሌሊት ለሕፃኑ ተነሥቼ ሳልፍ የዚያ ክፍል መብራት በርቷል። ወንዱ ከቡና ሳጥን ውስጥ ነው። ልጄ አቀረቀረ። ወንዱ በሳምንቱ ይመለስ ነበርና «አንድ ሌሊት ብቻ» አለኝ። አልተቆጣሁትም። ግን ዘንዶ ሴት የወንዱን ዘር ለወራት አስቀምጣ ማቆየት ስለምትችል አንድ ሌሊት የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ለእንስሳት ሐኪም ደወለ።

አልትራሳውንዱን ሳይ ሥራዬ ትዝ አለኝ፤ ማሽኑ ያው ነው፤ ቅባቱም ያው ነው። የእትዬ የእንቁላል ፍሬዎች እንደ ወይን ዘለላ ተደርድረዋል፤ ትልልቆቹ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የቡና ግን አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞሉም። ሐኪሟ «ሰውነቷ ገና አልጀመረም» አለች። ስንቅ የሌለው ሰውነት ፍሬውን ሳያሳድግ ይቀራል። ልጄ እፎይ ሲል ሰማሁት፤ እኔም እፎይ ብያለሁ፤ ግን አላሳየሁትም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ እትዬ ወገቧ አካባቢ ትልቅ ነገር የዋጠች መስላ አበጠች፤ በማግስቱ እብጠቱ የለም። ፍሬዎቹ የሚወርዱበት ቀን ያ ነው፤ ያላየ አርቢ ያመልጠዋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆዳዋን ቀየረች፤ ልጄ ከዚያ 30 ቀን ቆጠረ። በመጋቢት ስድስት እንቁላል ጣለች፤ አንዱ ቢጫና ኮሳሳ፣ ፍሬ የሌለው። እርስ በርስ የተጣበቁትን ዙሪያቸውን ተጠቅልላ ታቅፋለች። ልጄ በእርሳስ አናታቸውን ምልክት አድርጎ ሳያገላብጥ ወደ ማስፈልፈያው ወሰዳቸው፤ ከተገለበጡ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ከዚያ ሽታቸው እንዲጠፋና ምግብ እንድትጀምር ገላዋን አጠባት። ባዶ ሳጥኗን ዞር ዞር ስትል ግን አላስቻለኝም፤ ወጥቼ ሄድኩ።

ሲመዝናት 1,270 ግራም ሆነች፤ ከ1,900 ላይ ሲሶው ሄዷል። ልጄ ስልኩን አውጥቶ የቡናን ክብደት በዚያው ልክ ቀነሰ። 950 ግራም ግድም ወጣ። ቁጥሩን አሳየኝና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሚያዝያ ወደ አገሬ ተመለስኩ። አምስቱ እንቁላሎች በግንቦት መጨረሻ ተፈለፈሉ፤ አፍንጫቸውን ከቅርፊቱ አውጥተው ሲያዩ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከልኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደወለ።

«እማዬ፣ ቡና 1,780 ገባች።»

«ዕድሜዋስ?»

«ሦስት ሞላት።»

«ጀርባዋስ?»

ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን እንደያዘ የዚያ ክፍል በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ስትወጣ እጅህን ታጠብ» አልኩት።